በመኪና የመጣ ድንጋይ

ሙሉሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ ድንጋዩን በመኪና ጭኖ ነው የመጣው። የአጎቴ የጋሽ ቸኮለ ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው፤ መኪና እስከ ደጃፉ ይገባል። እሱ ግን ከአጥሩ በታች አቆመና የኋላውን ከፍቶ በነጠላ የተጠቀለለውን ድንጋይ አወጣ። ነጠላው መኪናው እንዳይጫጫርበት ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። የተሸከመው ከአጥሩ በር እስከ አጎቴ እግር ያለችውን መንገድ ብቻ ነበር። ሳየው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴ አረረ።

በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋም፣ ድንበር የገፋም፣ ሰው የፈነከተም በሽማግሌ ተከቦ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣና ከተበዳይ እግር ላይ ይወድቃል። ወድቆ የለመነን ሰው አልሰማህም ብሎ መመለስ ነውር ነው። ስንት ቤት ከመፍረስ የዳነው በዚህ ሥርዓት ነው፤ አልክድም። ሙሉሰውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። የሚያስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ ሲፈራ ወደ ቄስና ወደ ሽማግሌ የሮጠው ለዚህ ነው።

የበደላት የአጎቴን ልጅ ውዳሴን ነው። እኔ ባንቺአየሁ እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለኝ። ውዳሴ መሰናዶ የተማረችው እኔ ጋ ተቀምጣ ነው። የመጀመሪያውን ኮምፒውተሬን ፈትታ፣ መልሳ ገጥማ፣ ከበፊቱ አሻሽላ የሰጠችኝ ያኔ ነው። ገና በዚያ ዕድሜዋ፣ ማሽኑ ለምን እሺ እንዳለ ወይም ለምን እምቢ እንዳለ ሳታውቅ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

ሰው ምን ተማረች ሲለኝ ኮምፒውተር ብዬ እገላገላለሁ። ኮምፒውተርማ እኔም እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። የእሷ ሌላ ነው። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ማሽኑን የሚያዙበት ቋንቋ አላቸው፤ ያን ቋንቋ ራሱን የሚያበጅ ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ውዳሴ ያ ሌላ ሰው ነበረች።

ነገሩ የጀመራት ከበቆሎ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን እንደያዘች ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የመጋዘን ፕሮግራም ጻፈች። ያ ፕሮግራም አንዱን በቆሎ ለሁለት ነጋዴ ሸጠው። ሁለቱም አይሱዙ ይዘው መጡና መጋዘኑ በር ላይ ለዱላ ተጋበዙ። ሌላ ሰው ቢሆን ስህተቱን አርሞ፣ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። እሷ ግን፣ «ስህተቱ የእኔ ብቻ አይደለም፣ እታለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ስጽፍ ቋንቋው ዝም ብሎ ማየቱ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም የማይል ቋንቋ ልትሠራ ተነሳች።

ሁለተኛ ዲግሪዋን በዚያው ያዘች፣ ዶክትሬቱንም በዚያው ጀመረች። የሠራችው ቋንቋ አንድ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰጪው እጅ ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። የሸጠውን መልሶ ሊሸጥ የሚሞክር ፕሮግራም ካለ ገና ሲጻፍ፣ ሥራ ሳይጀምር፣ ይህ አይሆንም ይለዋል። ዕድሜዋን የበላው ደግሞ ቋንቋው እንደማይሳሳት በሒሳብ ማረጋገጡ ነበር። ጓደኞቿ ወልደው ክርስትና ሲያስነሡ እሷ ማረጋገጫዋን ይዛ ትታገላለች። አንዳንዴ ትደውልልኝና «እሺ አለ!» ብላ ትጮኻለች። እኔ ባል ያገኘች እየመሰለኝ ስንቴ ደስ ብሎኛል!

ሙሉሰው የጎረቤት ልጅ ነው፤ የአባቱና የአጎቴ ማሳ ድንበርተኛ ናቸው። እሱ ቀድሟት ተምሮ እሷ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ያገር ልጅ፣ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። «አምጭ እስቲ፣ ከማስረከብሽ በፊት ላንብብልሽ» አላት። ሰጠችው፤ ቋንቋውን፣ ማረጋገጫውን፣ ያላለቀውን ሳይቀር። እሱም አነበበላት። ካነበበላት በኋላ ውጭ አገር በሚታተም መጽሔት ላይ በራሱ ስም አወጣው። ሐሳቡን ብቻ ቢወስድ ባልገረመኝ፤ ምሳሌዋ ውስጥ ያለውን በቆሎ እንኳ ወደ ስንዴ ለመለወጥ አልደከመም።

የዶክትሬት ሥራ አዲስ መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው ያወጣውን ሥራ ይዞ የሚቀርብ ዶክተር የለም። ስለዚህ ወይ የእሷ መሆኑ ይረጋገጥላታል፣ ወይ ያ ሁሉ ዓመት ውኃ በላው። ከሰሰችው። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቃሏን የምትሰጥበት ቀን ተቆረጠ። ሙሉሰው ድንጋዩን የጫነው ያ ቀን ሊደርስ ሲል ነው።

እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ። ፊት የገቡት ቄስ ደጀኔ ናቸው፤ የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ አያ ቢሆነኝ። አያ ቢሆነኝ እስከ ሽንዲ ድረስ ለሽምግልና የሚጠሩ፣ ምላሳቸው የተፈራ ሰው ናቸው። ሙሉሰው ከነድንጋዩ ወደቀና፣

«በማወቅም ሆነ ባለማወቅ ያስቀየምኳት ነገር ካለ፣ ስለ ማርያም ብላ ይቅር ትበለኝ» አለ።

እንዲህ ዓይነት ይቅርታ ለማንኛውም ጥፋት ይሆናል። በሬ ለነዳም፣ ቤት ላቃጠለም፣ የሰው እግር ለረገጠም ይሆናል።

ውዳሴ ከአባቷ ጎን ቆማ ነበር፤ ወንድሟ ንብረት ደግሞ ራቅ ብሎ። «ምን እንዳደረገ ይናገር» አለች። «ያደረገውን በአፉ ይናገርና ይቅር እላለሁ።»

«ኧረ ተይ አንች ልጅ!» አሉ አያ ቢሆነኝ። «ወድቋል እኮ። ወድቆ ሳለ ምርመራ አለ እንዴ? ይልቅ አንች ንገሪን። ምን ወሰደብሽ? መሬት ነው? ከብት ነው?»

ነገረቻቸው። ልክ ክፍል ገብታ እንደምታስተምር፣ ቀስ ብላ፣ በሚያውቁት በቆሎ አድርጋ ነገረቻቸው። ያ መጋዘን፣ ያ ሁለቴ የተሸጠው በቆሎ፣ የሰጪ እጅ ባዶ ነው የሚለው ሕግ። አያ ቢሆነኝ ሞኝ ሆነው ቢሆን ምንኛ በታደልን! ሞኝ አይደሉም። ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው አንድም ሳያመልጣቸው ሰሟት።

«እንግዲህ በቆሎውን ለእኔ ከሰጠሽኝ አንች ጋ የለም። ይኸ ነው ቋንቋሽ የሚለው?»

«አዎ፣ አያ።»

«አንች ጋ ካለ ደግሞ ለማንም አልሄደም።»

«አዎ።» ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። የገባው ሰው ስታገኝ ደስ ይላታል፣ ማንም ይሁን ማን።

«ማለፊያ። ይኸ ሥራዬ የምትይው ታዲያ ዛሬ አንች ጋ አለ ወይስ የለም? በዚያ በማሽንሽ ውስጥ?»

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባት።

«እ?»

«አለ።»

«በጭንቅላትሽስ?»

«አለ፣ አያ፤ ግን...»

«እንግዲያ በገዛ ቋንቋሽ ፈረድሽ። አንች ጋ ያለ ነገር አልተወሰደም።»

ግቢው በአድናቆት ተናጋ። «አበጁ!» ይላል አንዱ። «እግዚአብሔር ያኑርልን!» ይላል ሌላው። ቄስ ደጀኔ ራሳቸው ፈገግ አሉ። ውዳሴ፣ «በቆሎና ይኸ አንድ አይደለም! ሥራው አለ፤ የእኔ መሆኑ ነው የጠፋው። ከእንግዲህ ለሰው ባሳየው ሌባዋ እኔ ነኝ!» እያለች ትጮኻለች። ማን ይስማት? ሁሉም ፍርዱን ለጎረቤቱ እየደገመ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የአያ ቢሆነኝ ነገር የት ላይ እንደተበላሸ የሚያውቅ አንድ ሌላ ሰው ነበር። እሱ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ዝም አለ።

እኔስ ለምን ዝም አልኩ? የሙሉሰውን አጎት በድንበር ጠብ የገደለው የእኔ አባት ነው። ያኔ ጡት ያልጣልኩ ልጅ ነበርኩ። አባቴ እስር ቤት ሞተ፤ ደሙን እኒሁ ቄስና እነዚሁ ሽማግሌዎች በእርቅ አደረቁት። ስለዚህ በዚያ ግቢ ውስጥ አፍ የሌለው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ብናገር፣ «የገዳይ ልጅ ነገር ልትጭር መጣች» ነው የሚሉኝ።

አጎቴ ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። «ወንድምሽ ንብረት የሚያርሰው ከእነሱ ድንበር ላይ ነው» አሏት። «ብቻውን ነው የሚውል።»

ውዳሴ ወደ ወንድሟ ዞረች። ንብረት በረቱ አጠገብ ቆሞ አፈሩን በእግሩ ይቆፍራል። ገና ባለፈው ጥር ነው የተዳረው። ተይኝ፣ አትፍሪ፣ አንድ ነገር ይላታል ብዬ ጠበቅኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

እልልታው! ሙሉሰው ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ። ቄስ ደጀኔ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ፦ ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር በከሳሽነትም ሆነ በምስክርነት ያነሣ የተወገዘ ይሁን፤ ሁለቱ እንደ እህትና ወንድም ይተያዩ፤ አንዱ ሲቸግረው አንዱ ይድረስለት። ሁላችንም አሜን አልን። እኔም አልኩ። ከዚያ እሱ ያመጣው በግ ታረደ፣ ተበላ። ሙሉሰው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ «እህቴ፣ በሞቴ» እያለ በገዛ እጁ አጎረሳት። ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው።

የኮሚቴው ቀን ሲደርስ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ቃሏን የሰጠችው በስልክ ነው፣ ከእኔ ሱቅ። ጥያቄው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነበር፤ ክሱን ለምን ተውሽ? «ታርቀናል» አለች። ሥራው የማን ነው ሲሏት ዝም አለች፤ ግዝት አለባት። ዝም ስትል ጊዜ ኮሚቴው የሚያውቀውን አደረገ። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ናቸው፤ የእሱ ቀድሞ ታትሟል፤ ከሳሿ መልስ የላትም፤ ስለዚህ የገለበጠችው እሷ ናት። ከዶክትሬቱ ተሰናበተች። ደግሞ ሙሉሰው ኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ «ወጣት ናት፣ ተሳስታ ነው፣ ቅጣቱን አቅልሉላት» ብሎ ለመነላት አሉ። እንዲህ ያለ ደግነት ለጠላቴም አይግጠመው። በዓመቱ ማዕረግ ጨመሩለት።

ውዳሴ ዕቃዋን ይዛ ፍኖተ ሰላም እኔ ጋ መጣች። ሱቁ ውስጥ ለከተማው ልጆች የኮምፒውተር መግቢያ ታስተምራለች፤ ፋይል እንዴት እንደሚከፈት፣ ጽሑፍ እንዴት እንደሚደምቅ። ታስተምራለች ልበል እንጂ አፏ ይናገራል፣ እሷ የለችም። የራሷን ላፕቶፕ ጨርሶ አትነካውም፤ ለብዙ ጊዜ ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ ጠጣ። ክብደቷ ቀነሰ። «ብዪ እንጅ» ስላት ትበላለች፣ «ተኚ እንጅ» ስላት ትተኛለች። እንደ ድሮው ብትጨቃጨቀኝ ምንኛ በወደድኩ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ሙሉሰው ደወለ። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለነበር ሰማሁት። ውጭ አገር ያለ አንድ ፕሮፌሰር ማረጋገጫው ውስጥ ቀዳዳ አግኝቷል። ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ አሳይቷል፤ ቋንቋው ፕሮግራሙን እሺ ብሎ ያሳልፈዋል፣ ፕሮግራሙ ግን አንዱን ዕቃ ሁለቴ ይሰጣል። ካልታረመ ጽሑፉ ይሰረዛል። ሙሉሰው ደጋግሞ ሞክሯል፤ አልቻለም። እንዴት ይችላል? የሠራው ሰው ነው የሚችለው።

«እህቴ፣ ቸግሮኝ ነው» አላት። ስልኩን ዘጋችበት።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና በደስታ ላብድ ነበር። «አየሽ? ፈጣሪ ፈረደልሽ!» አልኳት። «ምንም እንዳትይ። ዝም በይ ብቻ። ዝም በማለት ማንም አያወግዝሽም። ጽሑፉ ይሰረዝ፣ እሱም ይዋረድ፤ ያኔ ሰው መጠየቅ ይጀምራል።»

«አላደርገውም» አለችኝ። አመንኳት።

በማግሥቱ አባቷ ደወሉ። ሙሉሰው እሳቸው ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። «ቸግሮት ነው አሉ። ቄሱ ያሉትን ረሳሽው?» አሏት። «አልረሳሁም፣ አባባ» አለች። እሳቸውም አልጨቀጨቋትም፤ ስለ ንብረት ብቻ አነሡላት። ዘር እየዘራ ነው አሏት፣ እዚያው ድንበሩ ላይ።

እኔ ለአባቷ ብላ የምታደርገው መስሎኝ ነበር። እንዲያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ካሰናበተች በኋላ ላፕቶፑን አወረደች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። «ቀዳዳውን ላየው ብቻ ነው፣ እታለም» አለችኝ። «እንዴት እንዳመለጠኝ ልየው ብዬ ነው።» ከዚያ ጎንበስ አለች።

ያን ሳምንት ውዳሴ ዳነች። ሌላ ቃል የለኝም። መብላት ጀመረች፤ ያውም ሳልላት፣ በአንድ እጇ እየጻፈች። ፀጉሯን ተሠራች። ልጆቹን ስታስተምር በመሐል ቆም ትልና ግድግዳውን አይታ ፈገግ ትላለች። ስታንጎራጉር ሰማኋት። ቀዳዳው ካሰበችው በላይ የጠለቀ ነበር፤ እሱን ለመድፈን አንድ ሕግ መጨመር አይበቃም፤ አንዱን ጎን ከመሠረቱ አፍርሳ መሥራት ነበረባት። አፍርሳ ሠራችው። ሲያልቅ ግማሽ ገጽ ብቻ ሆነ። ከበፊቱ አጠረ፣ ከበፊቱም ጠነከረ አለችኝ። ዓይኗ ያበራል። ያን ብርሃን ናፍቄው ነበር፤ ሳየው ግን ጠላሁት፣ ለማን እንደሚበራ አውቃለሁና።

«በይ አሁን ዝጊው» አልኳት። «ሠራሽው፣ ለራስሽ አወቅሽው፤ በቃ። ለእሱ እንዳትልኪ።»

«ለማን ልላክ ታዲያ?»

«ለዚያ ለፈረንጁ ላኪለት!»

«ማን ነኝ ብዬ? የሰው ሥራ ሰርቃ የተባረረች ናት ብለው ይጽፉለታል። ይህን ከፍቶ አያነብም።»

«እንግዲያ ይቅር! የእሱ ስም ይጥፋ፣ ያንች ይቅር!»

መናኸሪያው ውስጥ የደምበጫ መኪና ረዳት ሰው ይጠራል። «እታለም፣» አለችኝ፣ «አንች ትወጅኛለሽ። አባባም ይወደኛል። ይኸን ባሳያችሁ ጎበዝ ትሉኛላችሁ፤ ግን አይገባችሁም። እኔ የማውቀው፣ ይኸን አይቶ የሚገባው ሰው አንድ ነው።»

ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ፤ እውነቴን ነው፣ ላፕቶፑን ከመሬት ልከሰክሰው ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ። ላከችው።

ከዚያ ሱቁ በር ላይ፣ ኔትወርክ በሚይዝበት ቦታ ቆማ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ደንበኛ መጣ፣ ሄደ፤ አላየችውም። አንድ ጊዜ ዘወር ብላ «አላነበበው ይሆን?» አለችኝ፤ ስድብ አፌ ላይ መጣና መለስኩት። መልእክቱ ሲገባ ደነገጠች። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ስለ ስም ምን እንዳለ፣ ማን ሠራው ብሎ እንደሚጽፍ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ተውኩት። እሷም ያን ፈልጋ አልነበረም የምታነበው።

ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ትስቃለችም።

«ገብቶታል» አለችኝ። «እታለም፣ ገብቶታል እኮ!»